ቴሩኤል፦ ጡብ የተጠበበባት ከተማ

በስፔኗ ቴሩኤል መንገዱ በደወል ቤት ሥር ያልፋል። የሳን ማርቲን እና የኤል ሳልቫዶር አብያተ ክርስቲያናት ማማዎች ከታች ሰፊ የቅስት በር አላቸው፤ ገበያተኛውም ጎብኚውም በዚያው ይገባል፣ ይወጣል። ቀና ብሎ ላየ ሰው ግድግዳው ተራ ጡብ ነው። ግንበኞቹ ግን አንዱን ጡብ ወጣ፣ ሌላውን ገባ እያደረጉ ጥልፍ የመሰለ ሥራ ሠርተውበታል፤ በየመሃሉም አረንጓዴና ነጭ የሚያብረቀርቅ ሸክላ ሰክተውበታል።

እነዚህ ግንበኞች እነማን ነበሩ? ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1171 የቆረቆራት የአራጎኑ ንጉሥ ዳግማዊ አልፎንሶ ነው፤ በዘመኑ በሙስሊሞች እጅ ከነበረችው ከቫሌንሲያ ጋር የምትዋሰን የጠረፍ ምሽግ ነበረች። አገሩ በክርስቲያን ነገሥታት እጅ ከገባ በኋላም ሃይማኖታቸውን ይዘው የቀሩት ሙስሊሞች ሙዴሃር ይባላሉ። ግንበኞቹ ከእነዚሁ ወገን ነበሩ፤ ጥበባቸውም በዚሁ ስም ይጠራል። በ1315 እና በ1316 የተሠራው የሳን ማርቲን ማማ በውስጡ ሌላ ማማ አለው፤ ደረጃው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየዞረ ይወጣል። የሰሜን አፍሪካና የአንዳሉሲያ ሚናራዎች የተሠሩትም በዚሁ ዘዴ ነው። የክርስቲያን ደወል የተሰቀለው በመስጊድ ጥበብ ላይ ነው ማለት ነው። ዩኔስኮ የቴሩኤልን የሙዴሃር ሥራዎች በ1986 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የእነዚያ ባለሙያዎች ዘሮች ግን ክርስትናን እንዲቀበሉ ከተገደዱ በኋላ እንኳ በ1610 ከአራጎን ተባርረዋል። ይህን ሳያውቁ ማማዎቹን ማድነቅ ግማሹን ብቻ ማየት ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ሀብት ያለው ግን በካቴድራሉ ውስጥ ነው። ርዝመቱ 32 ሜትር ገደማ የሆነው የእንጨት ጣሪያ የ13ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ነገሥታት፣ ጳጳሳት፣ ፈረሰኞች፣ ሙዚቀኞችና አስፈሪ አውሬዎች ተስለውበታል። ከመኳንንቱ ጋር አናጢዎችም ሥራቸውን ሲሠሩ ይታያሉ፤ በዚያ ዘመን የእጅ ባለሙያ እንዲህ ያለ ቦታ ሲሰጠው ማየት ልብ ያሞቃል። በ18ኛው መቶ ዘመን ጣሪያው አላማረም ተብሎ ከሥሩ ሌላ ኮርኒስ ተሠራበት። ሥዕሉን ከጭስና ከእጅ የጠበቀውም ይኸው መሸፈኛ ነው። ጣሪያው በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጉዳት ቢደርስበትም በኋላ ታድሷል።

ስፔናውያን ራሳቸው ቴሩኤልን ይበልጥ የሚያውቋት በፍቅረኞቿ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ድሃው ዲዬጎ ኢሳቤልን ለማግባት ሀብት ፍለጋ በወጣ በአምስት ዓመቱ ሲመለስ ለሌላ ተድራ ደረሰ። አንድ ጊዜ እንድትስመው ቢለምናት ባለትዳር ነኝ ብላ እምቢ አለች፤ እሱም እዚያው ሞተ። በቀብሩ ላይ የከለከለችውን መሳም ሰጥታው እሷም ሕይወቷ አለፈ ይባላል። በሳን ፔድሮ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው መቃብር ቀራፂው ሁዋን ደ አቫሎስ በአልባስጥሮስ ቀርጿቸዋል። እጆቻቸው ተዘርግተዋል፣ ግን አይነካኩም።

ቴሩኤል ከስፔን ክፍለ ሀገር ዋና ከተሞች በሕዝብ ብዛት የመጨረሻዋ ናት፤ ነዋሪዋ 40 ሺህ አይሞላም። ከታኅሣሥ 1937 እስከ የካቲት 1938 በዚሁ የእርስ በርስ ጦርነት በበረዶ ውስጥ የተካሄደው ውጊያ ክፉኛ አፍርሷታል፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ወጣቶቿ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ፈልሰዋል። ወደ ማድሪድ በቀጥታ የሚሄድ ባቡር የላትም። ነዋሪዎቿ በ1999 «ቴሩኤል አለች» የሚል ንቅናቄ ጀመሩ፤ ባቡር፣ መንገድና ሕክምና ጠየቁ። ይህን ያህል ቅርስ የያዘች ከተማ መኖሯን ለማሳወቅ ሰልፍ መውጣት ባላስፈለጋት ነበር። ንቅናቄው በኅዳር 2019 ምርጫ ተወዳድሮ በማድሪድ ፓርላማ አንድ ወንበር አግኝቷል።