የቤተ ክርስቲያኑ ካርታ በማን ስም ነው?

በአጥቢያችን የመተዳደሪያ ደንቡን ለማሻሻል በተሰበሰብን ቁጥር ክርክሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ሕንፃው የምእመኑ ነው ወይስ የሀገረ ስብከቱ? ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ ለሚመስላችሁ፣ በአሜሪካ የፖላንድ ስደተኛ ካቶሊኮችን የገጠማቸውን ላጫውታችሁ (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

በፔንሲልቬንያ፣ ስክራንተን ከተማ የሰፈሩት ፖላንዳውያን አብዛኞቹ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ነበሩ። ከላባቸው ቆጥበው ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ሥልጣኑ ግን የጳጳሱ ሆነ። «ገንዘቡን ያዋጣን እኛ ነን፣ በአስተዳደሩ ድምፅ ይኑረን» ቢሉ ሰሚ አጡ። በ1897 ተለይተው የራሳቸውን ሠሩ፤ ካህናቸው አባ ፍራንሲስዜክ ሆዱር በ1898 ሮም ድረስ ሄደው አቤት ቢሉም አልሆነም፣ በዚያው ዓመት ተወገዙ። ከዚያ የተወለደችው የፖላንድ ብሔራዊ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለች።

እኛን ይበልጥ የሚመስለው ግን በሚዙሪ የሴንት ሉዊሱ የቅዱስ ስታኒስላውስ ጉዳይ ነው። እዚያ ሊቀ ጳጳሱ ራሳቸው በ1891 ንብረቱን ምእመናኑ ላቋቋሙት ኮርፖሬሽን አስተላለፉ። ካህን የሚሾመው ግን ሊቀ ጳጳሱ እንዲሆን ተስማሙ። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ተኖረ። ለነገሩ ቦርዱም ንጹሕ አልነበረም፤ ደንቡን በየጊዜው እያሻሻለ የሊቀ ጳጳሱን ሥልጣን ሸርሽሯል። ለምእመናን የሚያዳላ ሰው ይህን መዝለል ይወዳል።

በ2004 አዲሱ ሊቀ ጳጳስ ሬይመንድ በርክ ደንቡ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ እንዲስተካከል አዘዙ። ምእመናኑ «ንብረታችን ተወስዶ አጥቢያው ይዘጋል» ብለው ሰጉ፤ እምቢ አሉ። ካህናቱ ተነሡባቸው። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ካህን ቆዩ። በታኅሣሥ 2005 ቦርዱ አባ ማሬክ ቦዜክን በራሱ ቀጠረ፤ ካህኑም የቦርዱ አባላትም ተወገዙ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት በሃይማኖት ሥርዓት አይፈርድም፤ የንብረት ክርክር ሲመጣ ግን በብዙ ግዛቶች የሚያየው ካርታውን፣ የምሥረታ ሰነዱንና ደንቡን ነው። በ2012 ለምእመናኑ ፈረደ። በ2013 ሀገረ ስብከቱ ይግባኙን ሲተው፣ አጥቢያው ራሱን የሮማ ካቶሊክ ብሎ እንዳይጠራ ተስማማ። ሕንፃው ቀረላቸው፤ ስሙ ሄደ። ከሀገረ ስብከቱ መለየት ያልፈለጉት ደግሞ እዚያው ከተማ፣ ቅዱስት አጋታ በተባለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን በፖላንድኛ ያስቀድሳሉ። የአንድ ቤተሰብ ሰዎች እሁድ ጠዋት በሁለት አቅጣጫ ሲነዱ ይታያችሁ!

ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያኖቻችን በአሜሪካ የተመዘገቡት ልክ እንደዚያ ባለ ኮርፖሬሽን ነው። እኔ መሐንዲስ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን የእኛን ረቂቅ ደንብ አንብቤዋለሁ። ስለ ባንክ ሒሳብና ስለ መኪና ማቆሚያ ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ካህን ማን ይሾማል፣ ማንስ ያነሣል የሚለው አንቀጽ ግን እስካሁን ባዶ ነው፤ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ በዚያ ነው የምጀምረው።