«ተመስገን» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«እንዴት ነህ?» ሲሉኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ «ተመስገን!» ከአፌ ለመውጣት አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። «አልሃምዱሊላህ» የሚለው ጓደኛዬም ከኔ አይለይም። ሁለታችንም ምስጋናችንን ጣል አድርገን በቀጥታ ወደ ኑሮ ውድነቱ እንገባለን። ግን ቆይ፣ ለምኑ ነው የምናመሰግነው? ይህን ራሴን የጠየቅሁት ዘንድሮ ነው።

እናቴ ቡና ስታፈላ የመቁጠር ልማድ አላት። «ዛሬ ውሃ መጣች፣ ተመስገን። መብራትም አልጠፋ። ጉልበቴም ተወት አደረገኝ።» እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስልኬን እጎረጉራለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ካናዳ ገብቶ በረዶ ላይ ፎቶ ተነስቷል፤ ሌላው መኪና ገዝቷል። እኔ ከሥራ ከወጣሁ አራተኛ ወሬ ነው። አንድ ቀን ምርር ብሎኝ፣ «እማዬ ደግሞ! ውሃ በፈረቃ ስለመጣች ተመስገን ይባላል? መምጣት ያለባት እኮ ናት!» አልኳት።

ሳቅ አለችና፣ «መምጣት ያለበት ሁሉ ይመጣል እንዴ ልጄ?» ብላ ጀበናዋን አነሳች።

ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እማዬ ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ስትሮክ ነበር። ጎረቤታችን የታክሲ ሹፌር ነው፤ በሩን ስደበድብ በቁምጣው ላይ ጃኬት ደርቦ ወጣና ሐኪም ቤት አደረሰን። ሐኪሙ «ቶሎ መምጣታችሁ በጀ» አለን።

ከዚያ በኋላ የፊዚዮቴራፒው ሳምንታት መጡ። መዳፍ መዘርጋት፣ መጨበጥ፣ እንደገና መዘርጋት። አንድ ከሰዓት በኋላ እማዬ ባዶ ሲኒ በቀኝ እጇ አንስታ እስከ አፏ አደረሰችው። እጇ እየተንቀጠቀጠ «ተመስገን» አለች። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በዚያ እጅ 26 ዓመት ጎርሻለሁ፤ አንድም ቀን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

ያን ሰሞን ማታ ማታ፣ ስልኬን ከማስቀመጤ በፊት፣ ኖት ላይ ሦስት ነገር መጻፍ ጀመርኩ። አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሮበርት ኤሞንስ እና ማይክል ማከላው የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያመሰግኑበትን ነገር በየሳምንቱ የጻፉ ሰዎች፣ ያማረራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። እማዬ ግን ጥናቱን ሳታነብ ስትሠራበት ኖራለች።

ለራሴ ሁለት ሕግ አወጣሁ። አንደኛ፣ «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሰላም» ብሎ በጅምላ መጻፍ የለም፤ «እማዬ ዛሬ ቁልፏን ራሷ ቆለፈች» እንጂ። ሁለተኛ፣ «ከእገሌ እሻላለሁ» አይጻፍም። የሌላውን ችግር አይቶ መጽናናት ምስጋና አይመስለኝም።

ዝርዝሩን መለስ ብዬ ሳነበው ግን አንድ ነገር አፍጥጦ አየኝ። ባለታክሲው ጎረቤቴ ሦስት ቦታ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንዴም አላመሰገንኩትም። እንዲያውም እሸሸው ነበር፤ የሚከፈለው ገንዘብ ስላልነበረኝ አፍሬ። ለፈጣሪ በየማታው «ተመስገን» እያልኩ፣ የላከልኝን ሰው ስሸሽ ከርሜያለሁ!

በማግስቱ ባዶ እጄን ሄድኩ። «ሳላመሰግንህ ቆየሁ፣ ሒሳቡም...» ስል አላስጨረሰኝም። «ምን ያወራል ይሄ ልጅ! እትዬ እኮ ናቸው ያሳደጉኝ። ስንት ጠዋት ከእሳቸው ቤት ቁርስ በልቼ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ!» አለኝ። ይህን ደግሞ እማዬ ነግራኝ አታውቅም።

ልብ ካላችሁት፣ «ተመስገን» ለ«አንተ» የሚባል ቃል ነው፤ ፊት ለፊት ላለ ነው የሚነገረው። መንፈሳዊነት ለኔ ከዚህ ይጀምራል፤ የሰጠህን ማየት፣ በማን እጅ እንደላከልህም ማየት።

አልዋሻችሁም፣ ምስጋና ሥራ አላስገኘልኝም፤ አሁንም እየፈለግሁ ነው። ውሃም በፈረቃ ነው፤ ለምን እንደማይመጣ መጠየቄንም አልተውኩም። አንዳንድ ማታ የምጽፈው ይጠፋኛል። ያን ጊዜ የከፋኝን እጽፋለሁ፤ እሱም ለፈጣሪ የሚነገር ነው።

አሁን ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ። እማዬ ትቆጥራለች፣ እኔም የራሴን እጨምራለሁ። አቦል፣ ቶና፣ ከዚያ በረካ። ሦስተኛው ሲኒ ቀጭን ነው፣ ውሃ ውሃ ይላል። አባቶቻችን ግን በረከት ብለው የጠሩት ወፍራሙን አቦል ሳይሆን እሱን ነው።

ዛሬ ማታ ስልካችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት እናንተም አንድ ነገር ጻፉ። የሰው ስም ካለበት ደግሞ፣ ስልኩ እጃችሁ ላይ ነውና ደውሉለት።