2,147,483,647ን እናስተዋውቃችሁ

ሠላሳ አንድ ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተው ከውጤቱ ላይ አንድ ሲቀንሱ 2,147,483,647 ይገኛል። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰን በ1644 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ አካቶት ነበር። ዝርዝሩ ግን ስህተት ስለነበረበት ቃሉን ብቻ ማመን አይቻልም። ማረጋገጫው የመጣው በ1772 ነው፤ ያመጣውም በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር የነበረው፣ የዓይኑ ብርሃን ከሞላ ጎደል የጠፋው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ቁጥሩ አካፋይ ቢኖረው ትንሹ ከ46,341 ማነሱ ግድ ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ መሞከር አድካሚ ነው። ኦይለር ግን አካፋይ ሊሆን የሚችለው ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው ብቻ መሆኑን አሳየ። ከዚህ ወንፊት በኋላ ቢበዛ 372 ማካፈል ይበቃል። እኔን የሚያስደንቀኝ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ ይህ ብልሃት ነው።

ሠላሳ ሁለቶችን አባዝተው ውጤቱን በዚህ ቁጥር ቢያባዙ 2,305,843,008,139,952,128 ይመጣል፤ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው ራሱን ይሰጣሉ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ እንዲህ ያለው ነገር ለማወቅ ጉጉት እንጂ ለጥቅም ስለማይሆን ከዚህ የሚበልጥ ፍለጋ ማንም አይደክምም ብሎ ጻፈ።

በሁለቱም ተሳሳተ። የሚበልጡት ተገኙ፤ ጥቅሙም መጣ። አንድ ቁጥር ወስደው በ16,807 ያባዙ፣ ውጤቱን ለ2,147,483,647 ያካፍሉ፣ ቀሪውን ይያዙ፤ በቀሪው ላይ ደግሞ ያንኑ ይድገሙ። እጣ የወጣላቸው የሚመስሉ ቁጥሮች ይከታተላሉ፤ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያለው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ሳይወጣ የሚደገም የለም። አካፋዩ ብቸኛ ቁጥር ባይሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ኮምፒውተሮች ለዓመታት ሠርተውበታል።

ኮምፒውተር ውስጥ ሌላም ቦታ አለው፤ እዚያ ግን ብቸኛነቱ አጋጣሚ ብቻ ነው። ባለ 32 ቢት (ቢት 0ን ወይም 1ን የሚይዝ ቦታ ነው) ቆጣሪ አንዱን ቢት ለፖዘቲቭና ለነጌቲቭ ምልክት ሲተው 31 ይቀሩታል፤ ጣሪያው ይኸው ቁጥር ነው። አንድ ሲጨመርበት ወደ -2,147,483,648 ይገለበጣል። በ2014 «ጋንግናም ስታይል» የተባለው የሙዚቃ ቪዲዮ የታየበት ብዛት ወደዚህ ጣሪያ ሲቃረብ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ማስፋት ግድ ሆኖበታል።

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚያውቁት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ በመቁጠር ነው። በ32 ቢት የሚቆጥሩት ጣሪያቸው ላይ የሚደርሱት በኢትዮጵያ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያልታደሰው መሣሪያ ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር 1901 ነው ሊል ይችላል። አዳዲሶቹ በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ ጣሪያቸው 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ ይህ ግን ብቸኛ ቁጥር አይደለም፣ ለ7 ይካፈላል።