የጫካው ሰላዮች፦ ከቢያትሪክስ ፖተር እስከ «ኤጀንት ሙስ»

በ1908 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር «ዘ ዊንድ ኢን ዘ ዊሎውስ» የተባለ የልጆች መጽሐፍ ታተመ። ደራሲው ኬኔት ግራም እስከዚያው ዓመት ድረስ የእንግሊዝ ባንክ ጸሐፊ ሆኖ በከፍተኛ ኃላፊነት የሠራ ሰው ነው። አንባቢ ከመጽሐፉ አብዝቶ የሚያስታውሰው የወንዝ ዳሩን ኑሮና ጉርጡ በመኪና ፍቅር ማበዱን ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ግን አንድ ሙሉ የስለላ ዘመቻ ነው። ጉርጡ እስር ቤት ሳለ ሸለምጥማጦች ቤቱን ወርረው ይዘውበታል። ምድር ቆፍሮ የሚኖረው፣ ፊቱ በነጭና በጥቁር የተሰመረው ሽማግሌ ባጀር ዓሣ አዳኙን ኦተር የጭስ ማውጫ ጠራጊ አስመስሎ፣ መጥረጊያ አሸክሞ ወደ ጓሮው በር ይልከዋል። ኦተር ሥራ ፈላጊ መስሎ ይጠጋና በማግስቱ ማታ የሸለምጥማጦቹ አለቃ የልደት ግብዣ እንዳለ ሰምቶ ይመለሳል። ፍልፈሉ ደግሞ ማንም ሳያዘው የልብስ አጣቢ ሴት ቀሚስ ለብሶ ዘበኞቹ ዘንድ ይሄዳል፤ ደም የጠማቸው መቶ ባጀሮች ጠመንጃ ይዘው እየመጡ ነው ብሎ ያሸብራቸዋል። ጓደኛሞቹ በመጨረሻ ከወንዙ ዳር እስከ አሳላፊው ጓዳ በሚዘልቅ የምድር ውስጥ መንገድ ገብተው ግብዣው መሃል ይወጣሉ።

መረጃ መሰብሰብ፣ መልክ መለወጥ፣ የሐሰት ወሬ መንዛት፣ ስውር መግቢያ ሁሉም አለ። ዘመኑም የስለላ ወሬ የበዛበት ነበር። ኪፕሊንግ ስለ ልጅ እግሩ ሰላይ የጻፈው «ኪም» የወጣው በ1901 ነው። የግራም መጽሐፍ በታተመበት ዓመት ቤደን ፓወል የስካውት መመሪያውን አውጥቶ ልጆችን ዱካ ማንበብና ተደብቆ መቃኘት ማስተማር ጀመረ። ኤም አይ 5ና ኤም አይ 6 የተወለዱበት የብሪታንያ የምስጢር አገልግሎት ቢሮ የተቋቋመውም በ1909 ነው።

ከግራም ቀድማ በእንስሳት ታሪክ መንገድ የሄደችው ቢያትሪክስ ፖተር ናት። አሳታሚዎች እምቢ ሲሏት በ1901 የጥንቸሉን የፒተርን ታሪክ በራሷ ወጪ 250 ቅጂ አሳተመች፤ በዓመቱ ፍሬድሪክ ዎርን የተባለው ድርጅት በቀለም አወጣው። እዚያ ላይ ፒተር የሰው አትክልት ውስጥ ሾልኮ የሚገባ ሌባ እንጂ ሰላይ አይደለም። በ1912 ባወጣችው «የሚስተር ቶድ ታሪክ» ግን ነገሩ ይለወጣል። ቶሚ ብሮክ የተባለው ባጀር የጥንቸል ሕፃናትን በጆንያ ሰርቆ በቀበሮው በሚስተር ቶድ ቤት ምድጃ ውስጥ ይዘጋባቸዋል፤ ራሱም የቀበሮውን አልጋ ይዞ ይተኛል። የሕፃናቱ አባት ቤንጃሚንና ፒተር ሲመሽ ደርሰው በመስኮት ይሰልላሉ፤ ሌሊቱን ከወለሉ ሥር ሲቆፍሩ ያድራሉ። በማለዳ ቀበሮው ይመጣና አልጋው ላይ የሚያንኮራፋውን እንግዳ ሲያይ ባልዲ ውሃ ከላዩ ሊያወርድበት ይደክማል። ጠቡ ሲጦፍ ጥንቸሎቹ በግርግሩ መሃል ልጆቻቸውን አውጥተው ይሮጣሉ። ይህን መጽሐፍ ከዘርፉ ምርጦች አንዱ አድርጌ የማየው ሳቁና ፍርሃቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሚኖሩ ነው። ልጁ በባልዲው ሲስቅ ምድጃው ውስጥ ማን እንዳለ አይረሳም።

ሥዕሉ ራሱ ምስጢር ተሸካሚ የሆነበት ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1926 ነው። ኤ. ኤ. ሚልን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤም አይ 7ቢ በተባለው ምስጢራዊ የፕሮፓጋንዳ ክፍል የሠራ ጸሐፊ ነው፤ «ዊኒ ዘ ፑህ»ን ሲጽፍ ሰዓሊው ኢ. ኤች. ሼፐርድ ነበር። ድቡ ፑህና ትንሹ ፒግሌት በበረዶ ላይ የአውሬ ዱካ አግኝተው ዛፎቹን እየዞሩ ይከተሉታል። በዞሩ ቁጥር ዱካው ይበዛል፤ እነሱም አውሬው ጓደኞች አገኘ ብለው ይፈራሉ። ዱካው የራሳቸው ነው። ክሪስቶፈር ሮቢን ዛፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሲያይ ቆይቷል፤ ገጹን ይዞ የተቀመጠው ልጅም አብሮት አይቷል።

ስለዚህ ዘርፍ ያለኝ እምነት ከዚህ ገጽ ይነሳል። ሰላይ ማለት ሳይታይ የሚያይ ነው። ትልልቆች «ልጅ ነው፣ ምን ይሰማል» ብለው አጠገቡ የሚያወሩበት ሕፃን ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ትንሽነቱ መደበቂያው ነው። በጫካ እንስሳ መልክ የተጻፈ የስለላ ታሪክ ያንን ትንሽነት ወደ ብልሃት ይቀይርለታል። በእኛ ተረት ጦጣ ጅብን የምትረታው በአብዛኛው በአንደበቷ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ግን ድሉ የዓይን ነው፦ ጽሑፉ አንድ ነገር ይላል፣ ሥዕሉ ሌላ ያሳያል፣ እውነቱን የያዘው ልጁ ብቻ ይሆናል። ሳቁም ከዚያ ይመጣል። ይህ የተሳካላቸው መጻሕፍት ዕድሜ አግኝተዋል፤ ሰላይነትን በኮትና በመነጽር ብቻ የፈለጉት ቶሎ ደብዝዘዋል።

የልጆች ደራሲው ሮአልድ ዳል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዋሽንግተን የብሪታንያ ኤምባሲ ሲሠራ ለአገሩ የስለላ መረብ መረጃ ያቀብል ነበር። ከጦርነቱ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1970፣ «ፋንታስቲክ ሚስተር ፎክስ»ን አወጣ። ሦስት ገበሬዎች የቀበሮውን ጉድጓድ በአካፋ፣ ከዚያም በመቆፈሪያ መኪና እየናዱ ቤተሰቡን በረሃብ ሊያወጡ ከበው ይቀመጣሉ። ቀበሮው ግን ከሥራቸው መሬት ለመሬት ቆፍሮ በቀጥታ ወደ ገዛ ጎተራቸው ይገባል። እነሱ ባዶ ጉድጓድ ይጠብቃሉ፤ አንባቢው ከምድር በታች ያለውን ድግስ ያያል። እዚህ ላይ ስለላው ከቀበሮው ተፈጥሮ አይለይም፤ የጦር መሣሪያው ጥፍሩ ነው። መጽሐፉ በተለያዩ ሰዓሊዎች ተሥሏል፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ አብዛኛው ልጅ የሚያውቀው የኩዌንቲን ብሌክን ነው።

በዚህ መሃል ቀዝቃዛው ጦርነት ጫካውን ወደ ቴሌቪዥን ወስዶት ነበር። በ1959 አሜሪካ ውስጥ የጀመረው የሮኪና የቡልዊንክል ካርቱን በራሪ ሽኮኮንና ሙስ የተባለውን ቀንዳም አውሬ ከሁለት ሰላዮች፣ ከቦሪስና ከናታሻ ጋር አጋጠመ። እነዚህ ሰላዮች በየጊዜው አዲስ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፤ ጀግኖቹ አይለዩዋቸውም፣ ተመልካቹ ልጅ ግን ገና ብቅ ሲሉ ያውቃቸዋል። የፑህ ዱካ እንደገና መጣ ማለት ነው። በ1965 ሃና ባርቤራ የተባለው የካርቱን ድርጅት «ሲክሬት ስኩዊረል»ን አቀረበ። ኮቱ በመሣሪያ የተሞላ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ በቀዳዳው የሚያይ ሽኮኮ ከፍልፈል ረዳቱ ጋር ይሠራል፤ ከዓመት በፊት በ«ጎልድፊንገር» ሲኒማ ቤቶችን ያጥለቀለቀው የጄምስ ቦንድ ጥላ በግልጽ ይታይበታል። በ1981 ብሪታንያ የኮስግሮቭ ሆል ስቱዲዮን «ዴንጀር ማውስ» አየች፤ አንድ ዓይኑን የሸፈነ ነጭ አይጥ ለንደን ውስጥ በፖስታ ሣጥን ይኖራል፣ ፈሪው ረዳቱ ፔንፎልድ አብሮት ነው። እነዚህ ሥራዎች ለዛሬው መጽሐፍ ብዙ አውርሰዋል፦ አለቃ፣ ረዳት፣ የስም ምህጻር፣ ተልዕኮ። የእኔ ቅሬታ ጫካውን ትተው መውጣታቸው ነው። ሽኮኮው ሽኮኮ መሆኑ ለሥራው ምንም አይጠቅመውም።

ሳቁ ሲወጣ ምን እንደሚቀር የሚያሳይ ሥራም አለ። ሰሜን ኮሪያ ከ1977 ጀምሮ ለበርካታ አሥርት ዓመታት «ሽኮኮና ጃርት» የተባለ ተከታታይ አኒሜሽን ሠርታለች። የአበባ ኮረብታ ነዋሪዎች በጉልበተኛ ድብ ተማምነው ይኖራሉ። የጠላት አይጦች ድቡን መጠጥ አጠጥተው ያሰክሩታል፤ ሸለምጥማጦች መንደሩን ይወራሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሽኮኮ በሸለምጥማጦቹ ሠራዊት ውስጥ ሰርጎ ገብቶ፣ መኮንናቸው መስሎ ለወገኑ መረጃ ያቀብላል። ሥዕሉ ያምራል፣ ታሪኩም ልብ ያንጠለጥላል። ነገር ግን የጠላት ወገን የሆነ ሁሉ ጠላት ሆኖ ይቀራል። በግራም መጽሐፍ ፍልፈሉ የሚያታልላቸው ዘበኞች ፈሪና አስቂኝ ናቸው፤ ሲሸነፉም ልጁ ሊጠላቸው አይገደድም። ሳቅ ለተሸናፊው ቦታ ይተውለታል። ለሕፃን የሚቀርብ የስለላ ታሪክ ይህን ሲያጣ የጦርነት ማሠልጠኛ ይሆናል፤ ስለዚህ ሳቁን ጌጥ ብቻ አድርጌ ማየት አልችልም።

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የልጆች መጽሐፍ ገጽ ራሱ ተለወጠ። የዴቭ ፒልኪ «ካፕቴን አንደርፓንትስ» በ1997፣ የጄፍ ኪኒ የ«ዊምፒ ኪድ» መጽሐፍ በ2007 ሲወጡ ሥዕል የታሪኩ አጃቢ መሆኑ ቀርቶ ተናጋሪ ሆነ። በዚሁ ዘመን የአንቶኒ ሆሮዊትዝ «ስቶርምብሬከር» በ2000፣ «ስፓይ ኪድስ» የተባለው ፊልም በ2001 ሰላይነትን የልጅ ሥራ አድርገው አቀረቡ። ሁለቱ ጅረቶች መገናኘታቸው አይቀርም ነበር። በ2005 አንድሩ ኮፕ «ስፓይ ዶግ»ን ይዞ መጣ፤ በ2015 አውስትራሊያዊው አሮን ብሌቢ «ዘ ባድ ጋይስ»ን ጀመረ፤ በዚህ የተኩላና የጓደኞቹ ታሪክ ውስጥም አንዲት ቀበሮ ልዩ ወኪል ሆና ትገባለች። ስዊድናዊው ኡልፍ ኒልሰን በ2012 በጊቴ ስፔ ሥዕል ያወጣው የኮሚሳር ጎርደን ታሪክ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። የደን ፖሊሱ ሽማግሌ ጉርጥ የተሰረቁ ለውዞችን ይፈልጋል፣ ኬክ ይወዳል፣ አይጧ ረዳቱ ቡፊ ትበልጠዋለች። ስለላ ሳይሆን ምርመራ ቢሆንም፣ ጫካውን በእርጥበቱና በቅዝቃዜው የሚያሳይ መጽሐፍ በመሆኑ ልተወው አልፈለግሁም።

በ2016 ሳንታና ሳይመን ሲባግ ሞንቴፊዮሪ በኬት ሂንድሊ ሥዕል «ዘ ሮያል ራቢትስ ኦፍ ለንደን»ን አወጡ። ሻይሎ ደካማና ትንሽ ጥንቸል ነው፤ አንድ ዓይኑ ተሸፍኗል፤ ወንድሞቹ ይስቁበታል። አንድ ቀን አይጠ መጎጦች ንግሥቲቱን በሌሊት ልብሷ ፎቶ ሊያነሱ ሲማከሩ ይሰማል። በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሥር የሚኖሩት ጠባቂ ጥንቸሎች ዘንድ ለመድረስ ከገጠር ለንደን ይጓዛል። ታሪኩ የሚነሳው ማንም ያልቆጠረው ልጅ ጆሮ ጥሎ ከሰማው ወሬ ነው፤ ስለዚህ ይዞኛል።

በ2020 ሁለት ኮሚኮች ተከታትለው መጡ። የጆን ፓትሪክ ግሪን «ኢንቬስቲጌተርስ» አዞ መሳይ ሰላዮችን በቆሻሻ ውሃ ቱቦ እያሾለከ በሽንት ቤት መቀመጫ ያወጣቸዋል፤ ቀልዱ ብዙ ነው፣ አብዛኛው ግን በእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ ላይ የቆመ ስለሆነ ከቋንቋው ሲወጣ ይሳሳል። የሞ ኦሃራና የሰዓሊዋ ጄስ ብራድሊ «ኤጀንት ሙስ» ለእኔ የተሻለው ነው። ሙስ መልኩን በመለወጥ የታወቀ ወኪል ነው፤ ረዳቱ ኦውልፍሬድ የተባለ ጉጉት ነው። ያን የሚያህል ቀንድ የተሸከመ አውሬ «ማንም አይለየኝም» ብሎ ሲያምን ልጁ ከመጀመሪያው ሥዕል ጀምሮ ያየዋል። የመደበቁ ከንቱነት ከራሱ ከእንስሳው አካል ስለሚመነጭ ቀልዱ በማንም ቋንቋ ይገባል። በተከታዩ ዓመት ናዲያ ሺሪን ራሷ ጽፋ የሣለችው «ግሪምዉድ» ከከተማ የሸሹ ሁለት የቀበሮ ግልገሎችን እብድ በሆነ ጫካ ይደብቃል። አሳዳጃቸው ጅራቷን ያጣች ድመት ናት። ሰላይ የለም ማለት ይቻላል፤ መደበቅና መፈለግ ግን የመጽሐፉ ሞተር ነው፣ አደጋውም እውነተኛ ነው።

በቅርብ ዓመታት የማየው ድክመት ይህ አደጋ መቅለሉ ነው። ገጹ በመሣሪያ፣ በምህጻረ ቃልና በጥቃቅን መለያ ጽሑፍ ይሞላል፤ ክፉው እንስሳ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ግን ልጁ አይፈራም። የፖተር ምድጃ የለም። ሌላው ለውጥ ከንባቡ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው። ኮሚክ ለአንድ ልጅ ዓይን የተሠራ በመሆኑ ለብዙዎች ጮክ ብሎ ማንበብ ያስቸግራል። በዋሽንግተን ወይም በለንደን ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሱ ከልጆቻቸው ጋር ለሚያነቡ ወላጆች ምርጫው እንደ አጋጣሚው ይለያያል። ማታ ጮክ ብሎ ለማንበብ የሻይሎ ታሪክና «ግሪምዉድ» ይመቻሉ። ማንበብ ለሚሰለቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ «ኤጀንት ሙስ»ን ሰጥቶ ብቻውን መተው ይበቃል። «የሚስተር ቶድ ታሪክ» ግን አጠገቡ ትልቅ ሰው ይፈልጋል፤ ልጁ ገና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ገጽ ሕፃናቱ ይተርፉ እንደሆነ መጠየቅ ይጀምራልና።