«ተቀብለንሃል» ከሚለው መስመር በታች

ወደ ወንጪ ሐይቅ የሚያወርደው ቁልቁለት ሊጀምር ሲል፣ ፈረሴን የሚስበው ልጅ ልጓሙን በግራ እጁ እንደያዘ በቀኙ ስልኩን አወጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ደብዳቤ ይዩልኝ» አለኝ። የስልኩ መስታወት ተሰነጣጥቋል፤ ደብዳቤው ግን ይነበባል። አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተቀብለንሃል፣ እንኳን ደስ አለህ ይላል። ልጁ ይህን መስመር በቃሉ ይዞታል። ሰፈሩም «ስኮላርሺፕ ደረሰው» ብሎ መርቆታል፤ እናቱ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታለች። ሁለተኛውን ገጽ አብረን ስንከፍት የዓመቱ ክፍያ በዩሮ ተዘርዝሯል። ከሥሩም በ30 ቀን ውስጥ ቀብድ ካልገባ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ተጽፏል። ሠላሳው ቀን ካለፈ ቆይቷል።

ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ እንግሊዝኛም አላነሰውም። «ተቀብለንሃል» እና «እንከፍልልሃለን» አንድ ነገር መስለውት ነው። እንዲህ የሚያስበው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በወሊሶ ያነጋገርኳቸው ወላጆችና አንዳንድ መምህራንም ሁለቱን ለይተው አያዩም። አልፈርድባቸውም፤ በዚህ አገር ሁለቱ ነገሮች ለረጅም ጊዜ አንድ ነበሩ።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲኬድ፣ ጊንጪ ሳይደረስ ወሎንኮሚ የምትባል ከተማ አለች። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ1950 እ.ኤ.አ. የተወለዱት እዚያ፣ አንድ ክፍል ባላት የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት 20 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር ሳምንቱን እዚያው ሰንብተው ዓርብ በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የአለማያ ኮሌጅ ተቀበላቸው። ሁለቱም በአሜሪካ መንግሥት እርዳታና በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የቆሙ ነበሩ። በ1973 እ.ኤ.አ. ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፕሮፌሰር ጆን አክስቴል አገኟቸውና ወደ አሜሪካ ጋበዟቸው። በ1978 ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸውም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። የምዕራብ ሸዋ መምህራን ይህን ታሪክ ተማሪ ለማበርታት ይተርኩታል፤ ደግ አደረጉ። ግን አንድ ነገር ይዘልላሉ። ገቢሳ ማመልከቻ ይዘው በር ለበር አልዞሩም፤ ያየ መምህር ጋበዛቸው። ጋባዥ ያለው እንግዳ ደግሞ የምሳውን ሒሳብ አይጠይቅም።

አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ለንደንና ፓሪስ ሄዶ ቴያትር ያጠናው በዩኔስኮ ድጎማ ነው። በንጉሡ ዘመን ውጭ የሚላክ ተማሪ በአብዛኛው መንግሥት መርጦ፣ መንግሥት ወይም ወዳጅ አገር ከፍሎለት ይሄድ ነበር። በደርግ ዘመን ላኪው ሳይለወጥ ተቀባዩ ተለወጠ፤ ሞስኮ፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ኩባ ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ከነደብተራቸውና ከነልብሳቸው በመንግሥታት ስምምነት ኩባ ሄደዋል። ማን ይከፍላል የሚለውን ተማሪው የሚያነሳበት ምክንያት አልነበረም። እንዲያውም በአንድ ወቅት ከፋዮቹ እኛ ነበርን። ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 እ.ኤ.አ. ለአክራው የነጻ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ 200 የትምህርት ዕድል ለአፍሪካውያን ወጣቶች እንደሚሰጡ አሳውቀው ነበር። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኦውኮ ዲግሪያቸውን የያዙት አዲስ አበባ ነው።

አገር ቤት ያለውም ሥርዓት ይኸው ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ልጅ ምደባ ይወጣለታል፤ ዶርም አለው፣ ካፌ አለው። ወንጪ ዛሬ በአስተዳደር ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ብትሆንም ልጆቿ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወሊሶ ያለው ካምፓሱ ቢደርሳቸው ዘመድ ቤት እንደገቡ ያህል ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ደንብ ወጣ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ይላል፤ ግን የሚከፍለው ተመርቆ ደመወዝ ሲይዝ ነው። በመግቢያው ቀን የሚጠበቅበት ፊርማ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ተማሪ «አለፍኩ» ሲል «ተከፈለልኝ» ማለቱም ነው።

ታዲያ ይህ በር ጠበበ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስዶ 50 በመቶ የማለፊያ ነጥብ ሲሆን፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ፣ ማለትም 29,909 ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ከ684,205 ተፈታኞች 36,409 አለፉ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ። ኩረጃው መቆሙ ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። ነገር ግን የወደቀው ወጣት የትም አይጠፋም፤ ከፊሉ በሪሜዲያል ይገባል፣ ከፊሉ ፈረስ ይስባል፣ ከፊሉ ስልኩ ላይ አጎንብሶ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ይፈልጋል። የእኔ መሪ ሁለቱን የመጨረሻዎቹን በአንድ ላይ ይሠራል። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ከተባለች ወዲህ የሚያወርዳቸው እንግዶች ሁሉ ስለ ስኮላርሺፕ ይጠየቃሉ። መልሳቸው ግን እንደየአገራቸው ይለያያል።

አሜሪካዊው ስለ ራሱ አገር ዕርዳታ የሚያውቀው ለውጭ ተማሪ አይሠራም፤ የፌዴራል መንግሥቱ የተማሪ ድጎማ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው። ለእኛ ልጅ የሚተርፈው የየዩኒቨርሲቲው የራሱ ገንዘብ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስትን የመሰሉ ጥቂቶች የውጭ አመልካችን የመክፈል አቅም ሳያዩ ይመዝናሉ፤ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሞላሉ። ይህ እንደ ሎተሪ ነው። ሌሎች ደጋግ ኮሌጆችም ይሰጣሉ፤ ግን ገንዘብ መጠየቅህ ራሱ በሚዛኑ ላይ ይቀመጣል። ዕድሉ ተገኘ እንኳ ቢባል፣ ከቪዛ ቀጠሮ በፊት ሴቪስ ለሚባለው ምዝገባ 350 ዶላር፣ ለቪዛው ማመልከቻ 185 ዶላር ይከፈላል፤ ቪዛ ቢከለከል አይመለስም።

ጀርመን ተቃራኒው ነው። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ «ነጻ ነው» የሚለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። ሆኖም ለቪዛ የአንድ ዓመት መተዳደሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስቀምጠህ ማሳየት አለብህ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሌላ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት 5,700 ብር ገደማ የነበረው 100 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ10 ሺህ ብር አለፈ። ያመልካቹ ነጥብ አልቀነሰም፤ የአባቱ በሬ ግን ዋጋው በዩሮ ሲሰላ ግማሽ በሬ ሆነ።

የቀድሞውን ልማድ የሚመስለው በመንግሥታት የሚሰጠው ዕድል ነው፤ የቻይና፣ የሃንጋሪ፣ የቱርክ። የሃንጋሪው ከክፍያ ነጻ ያስተምራል፣ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ በወር 43,700 ፎሪንት ይሰጣል፤ የአውሮፕላን ቲኬት ግን የለበትም፣ ያ ገንዘብም ቡዳፔስት ውስጥ ወሩን አያደርስም። የቱርኩ ቲኬቱንም፣ መኝታውንም፣ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርቱንም ይሸፍናል፤ ለማመልከትም አያስከፍልም። ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21 ዓመት በታች መሆንና ቢያንስ 70 በመቶ ውጤት ይጠይቃል፤ ለሕክምና 90። ዝቅተኛው መስፈርት ይህ ነው፤ ውድድሩ ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ሰው የሚደክመው እዚህ ነው። ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመምህር ድጋፍ ደብዳቤ። የቋንቋ ፈተናውን፣ አይልትስም ሆነ ቶፍል፣ ለመፈተን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ መውረድ አለ፤ ውጤቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋ የለውም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች «ትምህርቱን የተከታተለው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል የትምህርት ቤት ደብዳቤ ይበቃቸዋል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ብዙ ብር ያተርፋል፤ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የከፋው የስም ጣጣ ነው። «ጫላ» የሚለውን ስም እንውሰድ። በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ የሚጀምረው በአንዲት «ሲ» ፊደል ነው። ፓስፖርት ላይ ግን እንደ እንግሊዝኛው «ሲ ኤች» ተብሎ ሊገባ ይችላል። «ጥላሁን» ደግሞ በቁቤ በ«ኤክስ»፣ ፓስፖርት ላይ በ«ቲ» ይጀምራል። እኛ አንድ ሰው እናያለን፤ ቡዳፔስት ወይም ቦስተን ያለው መዝገብ ያዥ ሁለት ሰው ያያል። የአባት ስም «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን ሲገባ፣ የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ሳይመለስ ሲቀር፣ ስህተቱ ይደራረባል። ማስተካከያው ትምህርት ቤት፣ ወረዳ፣ አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ ማኅተም በማኅተም ላይ፣ እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና እስከ ኤምባሲው።

ሌላው ሳጥን ደግሞ «የወላጅ ዓመታዊ ገቢ» ይላል። የልጁ አባት ገብስና እንሰት አላቸው፣ ጥቂት ቀፎ፣ ሁለት ፈረስ። እንሰቱ ከጓሮ ተፍቆ፣ ተቀብሮ፣ ቆጮ ሆኖ ይበላል እንጂ ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ዜሮ ብትጽፍ አያምኑህም፤ ገምተህ ብትጽፍ ማስረጃ ይሉሃል። እዚህ ላይ የሚበጀው የቀበሌ ደብዳቤ ነው። የሚታረሰውን መሬት፣ የቤተሰቡን ቁጥር፣ መደበኛ ደመወዝ አለመኖሩን በግልጽ የሚናገር፣ ተተርጉሞ ማኅተም ያረፈበት። ገንዘብ ሰጪው አካል ድህነትን ማየት ይፈልጋል፤ ግን በወረቀት።

በዚህ ሁሉ መሐል ነው ኤጀንቱ የሚገባው። በአምቦ የመብራት ምሰሶዎች ላይ «100 ፐርሰንት ስኮላርሺፕ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አይቻለሁ። ሁሉም አታላይ ነው አልልም፤ ፎርም በትክክል ሞልቶ የሚያስረክብ አለ። ግን ኤጀንት በላከው ተማሪ ልክ ኮሚሽን የሚከፍሉ ዩኒቨርሲቲዎች እንዳሉ ማወቅ ይገባል። ብዙ ጊዜም «ስኮላርሺፕ» የሚሉት ከትምህርት ክፍያው ላይ የተነሳ ቅናሽ ነው። ከቱርክ በቀር አገር ብሎ የሚያውቃት በሌለው ሰሜን ቆጵሮስ 50 በመቶ ቅናሽ አገኘን ብለው የሄዱ አፍሪካውያን፣ የቀረውን 50 እና የቤት ኪራዩን የሚከፍሉበት ሥራ አጥተው መቸገራቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ግማሹ ከተከፈለ የቀረው ግማሽ የማን ነው? ኤጀንት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ሐይቁ ዳር ደርሰን ፈረሱ ውኃ ሲጠጣ፣ ልጁ ውጤቱን ነገረኝ። በአገር አቀፉ ፈተና 50ን በጥቂት ነጥብ ስቶታል፤ የትምህርት ቤት አማካዩ ግን 78 ነው። ዕድሜው 19። የቱርኩን ነገርኩት፤ ቢያንስ ማመልከት እንደሚችል።

«መቼ ይከፈታል?»

«በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 10። ጥር 2 መሆኑ ነው።»

በጣቱ ቆጠረ። «ከገና በሦስተኛው ቀን» አለ። ከዚያ የልደት ምስክር ወረቀቱን ፎቶ ከስልኩ አወጣና ስሙን አሳየኝ፤ በ«ቲ» ተጽፏል። ትራንስክሪፕቱ ላይ በ«ኤክስ» ነው። «እንግዲህ ሰኞ ወረዳ እሄዳለሁ» ብሎ ልጓሙን ሳበ፤ አቀበቱ ይጠብቀን ነበር።