ዳኛ የሌለው እቁብ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ አውሮራ፣ ሃቫና መንገድ ላይ ካለች አንዲት ቡና ቤት ተቀምጬ ነበር። በታክሲ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት ጎረቤቴ ወንበር ስቦ ከአጠገቤ ተቀመጠና ከጃኬቱ ኪስ አንድ ፖስታ አወጣ።

«ጋሼ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። እስቲ ይህችን እያት። አዲስ ክሬዲት ካርድ ነው፤ ዜሮ ወለድ ይላል። ፈርሜ ልላካት ወይስ ልቅደዳት?» አለኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት አፈር አልኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለችውን ፖስታ አንብቤ ሳልጨርስ የፈረምኩት እኔው ራሴ ነኝና።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጉዳይ ለብዙ ጊዜ ደብቄው ኖሬአለሁ። በአገር ቤት ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ ባሕር ማዶ ተሻግሬም ዲግሪ ይዣለሁ። ስለ ድሆች አገሮች የውጭ ዕዳ ስንት ዓምድ ጽፌአለሁ። ስለ ራሴ ዕዳ ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ዛሬ የምጽፈው ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስለማውቅ ነው።

የምኖረው ግሌንዴል ነው። ለማያውቃት፣ ግሌንዴል ከአራቱም ማዕዘን በዴንቨር የተከበበች፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር የምትዳረስ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ራሷን የቻለች ትንሽ ከተማ ናት። የመጀመሪያዋ ካርድ በፖስታ ሳጥኔ የመጣች ዕለት «አሜሪካ አመነችኝ» ብዬ ተደስቼ ነበር። ለስድስት ወራት ቤንዚንና አስቤዛ ገዛሁባት፤ በየወሩም ሙሉውን እከፍል ነበር። ከዚያ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። እናቴ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተባለ። በእጄ የነበረው የቤት ኪራይ ብቻ ነው። በዚያው ሌሊት በካርዷ 1,500 ዶላር በሐዋላ ላክሁ።

እናቴ ዳነች። ዕዳው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ታመመ። በወሩ የመጣውን ወረቀት ሳነብ፣ ካርዱን የሰጠኝ ባንክ ሐዋላውን የቆጠረው እንደ ግዢ ሳይሆን «ካሽ አድቫንስ» ብሎ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ እንደ ወሰድኩ ማለት ነው። ከመቶ 5 የአገልግሎት ክፍያ፣ 75 ዶላር፣ ወዲያው ተጨመረ። ወለዱም ከተራ ግዢ የበለጠ ሲሆን መቆጠር የጀመረው ከዚያው ሌሊት ነው፤ የእፎይታ ጊዜ የለውም። ብዙዎቻችን ለአገር ቤት ገንዘብ የምንልከው እንዲህ በችኮላ ስለሆነ ይህችን ነገር አስምራችሁ ያዙልኝ።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለዕዳም ይሠራል። የመኪና ጥገና መጣ፤ የሥራ ሰዓት ተቀነሰብኝ። ዕዳው 4,000 ዶላር ደረሰ፤ ወለዱ በዓመት ከመቶ 24። እኔ በየወሩ የምከፍለው «ሚኒመም» የምትባለዋን ብቻ ነበር።

የሚገርመው በዚያው ዓመት እቁቤን አንድም ወር አላሳለፍኩም። አሥራ ሁለት ሆነን በወር 200 ዶላር እንጥላለን። ገንዘብ ሲያጥረኝ ምሳዬን ትቼ እቁቤን እከፍላለሁ። ለምን? እቁብ ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ዋስ አለው። የቀረ ሰው ስልኩ ይጮኻል፤ ስሙ በሰው ፊት ይጠራል። ካርድ ግን ዳኛ የሌለው እቁብ ነው። ሚኒመሟን ብቻ ስትጥል የሚቆጣህ የለም። እንዲያውም ባለ ካርዱ የሚጠቀመው አንተ በዚያች በትንሿ ስትረጋ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። 4,000 ዶላር በ24 በመቶ፣ የመጀመሪያው ወር ወለድ 80 ዶላር ገደማ ነው። በብዙ ካርዶች ሚኒመም ማለት የወሩ ወለድና የዕዳው 1 በመቶ ነው፤ ይኸውም 120 ዶላር። ከእሱ ውስጥ ዕዳውን የሚነካው 40 ብቻ ነው። ዕዳው ሲያንስ ሚኒመሟም እያነሰች እስከ 35 ዶላር ትወርዳለች ብንል፣ ለመጨረስ 15 ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ወለዱም ከ6,000 ዶላር ይበልጣል። በዚያው በ24 በመቶ ሳይቀንስ በየወሩ 200 ዶላር ቢከፈል ግን በ26 ወር ያልቃል፤ ወለዱ 1,160 ገደማ ነው። ወለዱ ወደ 12 በመቶ ወርዶ ያው 200 ቢከፈል በ23 ወር ያልቃል፤ ወለዱም 485 ገደማ ይሆናል።

ልብ በሉ። የወለዱ በግማሽ መቀነስ የሚያድነው 700 ዶላር የማይሞላ ነው። የአከፋፈል ልማድን መለወጥ ግን ወደ 5,000 ዶላር ያድናል። ዝቅተኛ ወለድ መፈለግ ደግ ነው፤ ብቻውን ግን አያድንም።

ይህን ያስተማሩኝ የእቁባችን ዳኛ ናቸው፤ አውሮራ የሚኖሩ አንዲት እናት። የመጨረሻው ዕጣ የእኔ ነበርና 2,400 ዶላሩን ሲሰጡኝ «መኪና ልትገዛ ነው?» አሉኝ። «የለም እትዬ፣ ዕዳ አለብኝ» ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩ። ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው ይኼን ዛሬውኑ እዚያ ጣለው። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ደግሞ እቁቡ ያላለቀ አስመስለህ ያንኑ 200 በዚያው ቀን ክፈል። ደረሰኙን በየወሩ ለኔ ታሳየኛለህ» አሉኝ። የቀረውን 1,600 ዶላር ወለዱ 12 በመቶ ወደሆነ የክሬዲት ዩኒየን ካርድ አዛወርኩና በዘጠነኛው ወር ጨረስኩ። አንድም ደረሰኝ ሳያዩ አልቀሩም።

ለመሆኑ ወለዱ ይህን ያህል ስለምን ከፍ አለ? በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ውል ከመቶ 12 በላይ ወለድ እንዳይጻፍ ደንግጎ ነበር፤ ከዚያ ያለፈውን ሰው አራጣ ይለዋል። አሜሪካም ክፍለ ሀገሮቹ የየራሳቸው ጣሪያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ብሔራዊ ባንክ በተቋቋመበት ክፍለ ሀገር የተፈቀደውን ወለድ ሌላ ክፍለ ሀገር የሚኖርን ደንበኛ ማስከፈል ይችላል ሲል ፈረደ። በ1980 ሳውዝ ዳኮታ ጣሪያዋን አነሳች፤ ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን ይዞ ወደዚያ ሄደ። ደላዌርም በ1981 ተከተለች። ኮሎራዶ ተቀምጠን የሳውዝ ዳኮታን ወለድ የምንከፍለው በዚህ ምክንያት ነው። ከ2023 ወዲህ የካርዶች አማካይ ወለድ ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። በፌዴራል ሕግ የተቋቋሙ ክሬዲት ዩኒየኖች ግን ከ18 በመቶ እንዳያልፉ ጣሪያ አለባቸው። ስለዚህ ፍለጋን ከእነሱ መጀመር ነው።

ካርድ ስትመርጡ በትልቁ የተጻፈውን ዜሮ ትታችሁ ሕጉ የሚያስገድደውን ሠንጠረዥ አንብቡ። ዜሮው ስንት ወር ይቆያል? ከዚያ በኋላ ወለዱ ስንት ይሆናል? ዕዳ ለማዛወር ከመቶ ስንት ይወስዳል? ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ነው። የቤት ዕቃ መደብሮች «በጊዜው ሙሉውን ከከፈልክ ወለድ የለም» የሚሉት ደግሞ ከዚህ ይለያል። እዚያ በቀነ ገደቡ አሥር ዶላር እንኳ ቢቀርባችሁ፣ የኋላው ወለድ ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ይመጣል።

ስለ አያያዙም ጥቂት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ የክፍያው ወረቀት ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ እንዲላክ፣ ለአዲስ ግዢ ወለድ ከመጨመሩ በፊትም የ45 ቀን ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያዛል። በየወሩ በሚመጣው ወረቀት ላይ ሚኒመሟን ብቻ ከከፈላችሁ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ተጽፎላችኋል፤ አትዝለሉት። ክፍያችሁ 60 ቀን ካለፈው በነባሩ ዕዳ ላይ የቅጣት ወለድ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሚኒመሟን ከባንክ ሒሳባችሁ በራሷ እንድትወጣ አድርጉ፤ ትርፉን ደግሞ በእቁብ ቀን በእጃችሁ ጨምሩ። ዕዳ ባለበት ካርድ አስቤዛ አትግዙ፤ አዲሱም ግዢ ከዕለቱ ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታልና። ስልክ ደውሎ «ወለዴን ቀንሱልኝ» ማለትም ነውር አይደለም፤ የሚከፋው እምቢ መባል ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ዕዳው 3,000 ዶላር ነው። ፖስታዋ የምትሰጠው 15 ወር ዜሮ ሲሆን የማዛወሪያዋ ክፍያ ከመቶ 3 ነው። በናፕኪን ላይ ጻፍንለት፤ 3,090 ለ15 ሲካፈል 206።

«በወር 206 ትችላለህ?» አልኩት።

«በደህና ወር፣ አዎ።»

«በክፉውስ?»

ዝም አለ። ቡናው ቀዘቀዘ። ቆይቶም፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ። አዲሱን ካርድ የፈለግሁት ለወንድሜም ገንዘብ ልልክበት ነበር» አለኝ። እኔም የእናቴን ሐዋላ፣ 75 ዶላሩንም ጭምር ነገርኩት። ለሰው ስናገረው ሁለተኛዬ ነበር።

ፖስታዋን አልቀደዳትም፤ አልፈረማትምም። አጥፎ ከናፕኪኑ ጋር ወደ ኪሱ መለሳትና ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣

«ጋሼ፣ የእትዬን ስልክ ትሰጠኛለህ?» አለኝ።