በሳምንት አንድ ገጽ፦ የትራንስጀንደር ሰዎች ታሪክ በዌብኮሚክ

ፊልም ችኩል ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድን ሰው አስተዋውቆ፣ አስወድዶ ወይም አስጠልቶ መሸኘት አለበት። ለዚህም ይመስላል ፊልም ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ትራንስጀንደር ገጸ ባሕርይ የሚያስገቡት ለአንድ ቅጽበት ብቻ የነበረው፤ ምስጢሯ ለሚገለጥበት ቅጽበት። በፈረንጆቹ 1992 የወጣው «ዘ ክራይንግ ጌም» ለዚያች ቅጽበት ሲል ተመልካቹን ብዙ ያዘናጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው የጂም ካሪ «ኤስ ቬንቹራ» ደግሞ ያንኑ ነገር ማስመለሻና መሳቂያ አደረገው። ሴትዮዋ ጠዋት ቁርሷን በልታ እንደሆነ፣ ከዘመዶቿ ጋር እንዴት እንደምትኖር፣ የቤት ኪራይ ማን እንደሚከፍልላት የሚጠይቅ አልነበረም።

አሁን ሌላ መገለጥ እንይ። ጄፍ ዣክ የተባለው ሠዓሊ ከ2003 ጀምሮ «ክዌስችነብል ኮንተንት» የሚባል የሥዕል ታሪክ በኢንተርኔት ያወጣል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማርተን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ ክሌር የምትባል ተለማማጅ ትመጣለች፤ ቶሎ የምትጨነቅ፣ በቃላት መቀለድ የምትወድ ልጅ ናት። አንባቢው ከተላመዳት በኋላ አንድ ቀን ለማርተን ትራንስጀንደር መሆኗን ትነግረዋለች። ማርተን ያዳምጣታል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ በማግስቱ ሌላ ገጽ ይወጣል። ቆየት ብለው ፍቅረኛሞች ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ የሚያጨቃጭቃቸው እንደማንኛውም ጥንድ የሥራ፣ የቤትና የጓደኛ ጉዳይ ነው። የሙዚቃ ድንገተኛ ጩኸት የለም፣ የሚያስመልሰውም የለም።

በእኛ ዘንድ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ታሪካቸውን አንብቦ የሚያውቅ ማግኘት ግን ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር። ሕፃን ሲወለድ «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» ይባላል። ትራንስጀንደር የሚባሉት እያደጉ ሲሄዱ ያ የተባለላቸው ነገር እነሱን አልገልጽ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ስማቸውንና አለባበሳቸውን ብቻ ይለውጣሉ፣ አንዳንዶቹ ሆርሞን ይወስዳሉ፣ አንዳንዶቹ ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ። ወንድም ሴትም አይደለሁም የሚሉም አሉ።

ዌብኮሚክ ደግሞ በጋዜጣ ወይም በመጽሐፍ ሳይሆን በኢንተርኔት በክፍል በክፍል የሚወጣ የሥዕል ታሪክ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጽፈውም የሚሥለውም አንድ ሰው ነው፤ ቀን ሌላ ሥራ ሠርቶ ማታ ይሥላል። በሳምንት አንድ ገጽ፣ ሲበረታ ሦስት አራት ያወጣል። ለማንበብ አይከፈልም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሚቀጥለውን ክፍል ሲጠብቅ የሰነበተ ሰው የዚህን አንባቢ ስሜት ያውቀዋል፤ በመጠበቂያው ቀናት ገጸ ባሕርይዋ የቤት ሰው ትሆናለች። ለእኔ የዌብኮሚክ ትልቁ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። የትራንስጀንደር ሰው ለውጥ በራሱ ዝግ ያለ ነገር ነው፤ በወራትና በዓመታት ይለካል። ይህ ዓይነቱ ኮሚክም እንደዚያው ዝግ ያለ ነው።

ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ያለ ታሪክ መውጫ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ የኮሚክ አሳታሚዎች በ1954 ራሳቸው ላይ የጣሉት ደንብ ከተለመደው ወጣ ያለ ጾታዊ ነገርን፣ በአሽሙር እንኳ ቢሆን፣ ይከለክል ነበር። ደንቡ እያደር ቢላላም የመጨረሻዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች የተውት በ2011 ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ከደንቡ ውጭ በትንሽ ቅጂ የሚታተሙ መጽሔቶች ነበሩ፤ ያን የሚያገኘው ግን የሚሸጥበትን ሱቅ የሚያውቅ የከተማ ሰው ነው። ገጠር ያለች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አታገኘውም። ኤሪን ሊንድሲ በ2001 መጨረሻ «ቪነስ ኤንቪ»ን በኢንተርኔት ስትጀምር ግን ያቺ ልጅ ኮምፒውተር ካገኘች በቂዋ ነበር። የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ዞዊ ካርተር ሁለተኛ ደረጃ የምትማር ትራንስጀንደር ልጅ ናት፤ ሠዓሊዋም ራሷ ትራንስጀንደር ናት። በዚህ ዘርፍ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ረጅሙን መንገድ የሄደችው ግን ጆሴሊን ሳማራ ዲዶሜኒክ ናት። «ሬይን» የተባለውን ሥራዋን በ2010 ጀምራ ከአሥር ዓመት በላይ ሣለችው። ሬይን የመጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ዓመቷን ለመማር አዲስ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ትምህርት ቤቱ ካቶሊክ ነው። እናቷ ሞታለች፣ የምትኖረው ከአክስቷ ከፋራ ጋር ነው። በአዲሱ ትምህርት ቤት እንደ ሴት ልጅ ለመኖር ወስናለች፣ ማንም ስላለፈው ሕይወቷ አያውቅም። ማንም ካልን፣ ጋቪን ሲቀር። ጋቪን በልጅነቷ የቅርብ ጓደኛዋ የነበረ ልጅ ነው፤ እሱም እዚያው ትምህርት ቤት ይማራል።

ፊልም ቢሆን ጋቪን ሲያውቃት ትዕይንቱ ጫፍ ላይ ደረሰ ይባል ነበር። «ሬይን» ውስጥ ያ ገና መጀመሪያው ነው። ልጁ ይናደዳል፣ ይሸሻል፣ ይመለሳል፣ ያልሆነ ቃል ይናገራል፣ ይታረማል፤ ይህ ሁሉ በብዙ ገጽ ተዘርግቶ ነው። አንባቢው ጋቪንን በአንድ ሳምንት ተቀይሞ በሌላ ሳምንት ይቅር ይለዋል። አክስቲቱ ፋራ ደግሞ ሞግዚትም ዘበኛም ሆና ከሬይን ጎን ትቆማለች። እንደኔ እንደኔ የታሪኩ ምሰሶ እሷ ናት፤ ቀልደኛ፣ ብዙም ሥርዓት የሌላት፣ ልጅቷን ግን ለማንም አሳልፋ የማትሰጥ ሴት። ሥዕሉ በጃፓን ማንጋ ስልት የተሠራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ያየ ሰው «ምን ዓይነት ግትር ሥዕል ነው» ቢል አልፈርድበትም። ወደፊት ሲገፋ የሠዓሊዋ እጅ እየተፍታታ መሄዱ በዓይን ይታያል።

ጁልያ ኬይ የመረጠችው አጭሩን መንገድ ነው። «አፕ ኤንድ አውት» ቀድሞ ተራ የቀልድ ኮሚክ ነበር፤ እሷ ራሷ ጾታዋን መለወጥ ስትጀምር የዕለት ማስታወሻ ሆነ። በየቀኑ ሦስት ፍሬም፣ ጥቁርና ነጭ። በመስታወት ፊት ያለፈ ጥሩ ጠዋት፣ ከዚያ የማያውቃት ሰው «ጌታዬ» ብሎ ሲጠራት የሚበላሽ ከሰዓት። ማግስቱን ደግሞ ምንም አልተፈጠረም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ማስታወሻ በ2018 በመጽሐፍ ወጥቷል፤ በአንድ ማታ ያልቃል።

ከሁሉ የምወደው «አዝ ዘ ክሮው ፍላይስ» ነው። ሜላኒ ጊልማን በኢንተርኔት ማውጣት ጀመሩና በ2017 አይረን ሰርከስ የተባለው የቺካጎ አሳታሚ አሳተመው። ከዳር እስከ ዳር በባለቀለም እርሳስ የተሣለ ነው። የጥድ ቅርፊት፣ የድንጋይ ጥላ፣ ምሽት ሲቃረብ የሚለዋወጠው ሰማይ፣ ሁሉም በእርሳስ ጭረት ላይ ጭረት ተደርቦ የመጣ ነው፤ አንዱን ገጽ ቀርቦ ያየ ሰው ስንት ሰዓት እንደፈጀ መገመት አያዳግተውም። ቻርሊ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ጥቁር ናት፤ ቤተሰቧ የላካት ነጭ ልጆች ብቻ ወደሚገኙበት ክርስቲያናዊ የሴቶች ካምፕ ነው። ቦርሳቸውን አዝለው ተራራ ይወጣሉ። የካምፑ መሪ ስለ ነፍስ መንጻት ስታስተምር ምሳሌዋ ነጭነት ነው። ቻርሊ ዙሪያዋን ታያለች፤ ይህ ነገር ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ያስተዋለ ከእሷ በቀር የለም።

ቻርሊ አማኝ ናት። እየተራመደች ፈጣሪዋን ታናግራለች፣ ትጠይቃለች፣ መልስ ስታጣ ትቀየማለች። በካምፑ የምትቀርባት ሲድኒ ናት። ሲድኒም ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ያለች ልጅ ናት፤ ለምን እንደሆነ የምናውቀው ግን ብዙ ከተጓዝን በኋላ ነው። ሲድኒ ትራንስጀንደር ናት፤ ካምፑ ቢያውቅ ያባርረኛል ብላ ትሰጋለች። ሁለቱ ልጆች ወደ ኋላ ቀረት ብለው በሹክሹክታ ያወራሉ፤ የዚህ ሥራ ውበት ያለው እዚያ ሹክሹክታ ውስጥ ነው። ሃይማኖትን የሚያጥላላ መጽሐፍ የጠበቀ ሰው ይህን ቢያነብ ይገርመዋል፤ ጥያቄው የሚነሣው ከእምነት ውስጥ ሆኖ ነው። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2018 በስቶንዎል ሽልማቱ የክብር ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ልጆቹ ጫፉ ላይ ሳይደርሱ መጽሐፉ ያልቃል።

ሁሉም ግን እኩል አይጥምም። የሞንትሪያሏ ሶፊ ላቤል በ2014 የጀመረችው «አሳይንድ ሜል» በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ይወጣል። ስቴፊ የምትባለው ባለታሪክ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ መልስ የማታጣ፣ ተከራክራ የማትሸነፍ ልጅ ናት። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ልጅቷ ጠፍታ መምህርት ትናገራለች፣ ሥዕሉም በጽሑፍ ይታፈናል። ይህ የእኔ ቅሬታ የአጻጻፍ ቅሬታ ነው። ሌሎች ግን ከቅሬታ አልፈው ሄደዋል፤ በ2017 ካናዳ ሃሊፋክስ ውስጥ ሊደረግ የታሰበው የመጽሐፏ ምረቃ በደረሰው ዛቻ ምክንያት ተሰርዟል። ስቴፊ ሁልጊዜ ክርክር ላይ ለምን እንደምትገኝ ይህን ያወቀ ሰው ይገባዋል።

የገንዘቡ ነገር ቀላል አይደለም። ታሪኩ በነጻ የሚነበብ ከሆነ ሠዓሊዋ የምትኖረው አንባቢ ወዶ በሚሰጠው ነው። በ2013 የተቋቋመው ፓትሪዮን በየወሩ ጥቂት ዶላር መላክን አቀለለ፤ ኪክስታርተር ደግሞ አንባቢዎች ገንዘብ አዋጥተው መጽሐፍ እንዲያሳትሙ አስቻለ። ታሪኩ የሚያድርበት ቤት ግን የኪራይ ቤት ነው። ብዙ ዌብኮሚኮች ያደሩበት ስማክጂቭስ የተባለው ድረ ገጽ በ2020 መጨረሻ ሲዘጋ ሥራቸውን ቀድመው ያላወጡ ሰዎች ከነታሪካቸው ሜዳ ላይ ቀሩ።

ወደ ትልቁ አደባባይ የወጣም አለ። ኤንዲ ስቲቨንሰን በ2012 ገና የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለ «ኒሞና»ን በኢንተርኔት ጀመረ። ኒሞና ወደፈለገችው ፍጡር የምትለወጥ ልጅ ናት፤ «እውነተኛው ማንነትሽ የቱ ነው» የሚሏትን አትወድም። ስቲቨንሰን ትራንስጀንደር መሆኑን ለአደባባይ የተናገረው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ኒሞናን ሲሥል ይህን ስለራሱ ገና አልተናገረም ነበር። መጽሐፉ በ2015 ታተመ። ፊልሙን የጀመረው ስቱዲዮ በ2021 ሲዘጋ ሥራው ተቋረጠ፤ ሌላ ኩባንያ አንሥቶት በ2023 በኔትፍሊክስ ታየ፣ ለኦስካርም ታጨ። ፊልሙ ከመጽሐፉ ይልቅ ልዝብ ነው፤ የመጽሐፏ ኒሞና ሰው ትገድላለች፣ ትቀልድበታለችም። ዋናውን ሥራ ማንበብ የሚፈልግ ግን መጽሐፉን ቢገዛ ይሻለዋል፤ ሲታተም አብዛኛው ክፍል ከኢንተርኔት ወርዷል።